በደረቁ የፋቅሁት ቀለም

አምቦ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ አካም ጅርታ? ነጋ ጅርታ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የጎጆ ከተማ ብርድ በነሐሴ ለጉልበት እንደማያዝን አውቃለሁና ያን የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ ለእንግዳ ብለሽ አታስቀምጪው፤ እንግዳ ካልሲሽን ሊያይ አይመጣም። ባለቤትሽ ኦቦ ገለታ እንዴት ናቸው? ድንቹ በሽታ ሳይመታው ይደርስ ይሆን? ያቺ መንታ የወለደችው በግስ ሁለቱንም ታጠባለች ወይስ አንዱን ገፋችው? ሞቲስ? የፊት ጥርሱ በቀለ ወይስ አሁንም ባዶውን በምላሱ እየነካካ ይነጫነጫል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ሙሉውን አልነገርኩሽም፣ ሙሉውን ልነግርሽ ነው ቁጭ ያልኩት።

በአማርኛ የምጽፍልሽ ቁቤ ሲሆን ዓይንሽ ቶሎ እንደሚደክም ስለማውቅ ነው። እኔ ደግሞ በቁቤ ተምሬ አማርኛውን ያገኘሁት ከአባባ ደብዳቤና ከቢሮ ማስታወሻ ስለሆነ ፊደል ብስት አትሳቂብኝ። ሞቲ አጠገብሽ ካለ ኳሱን ይዞ ደጅ ይውጣ። ፊደሉን ባያነብ ፊትሽን ያነባል፣ ይህ ልጅ ፊት ማንበብ ያውቅበታል። ቁርስ ካልበላሽም በልተሽ ተመለሺ፤ በባዶ ሆድ የሚነበብ ደብዳቤ አይደለም።

ለምን አልደወልሽልኝም ትዪኛለሽ። ብደውልልሽ እኮ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ስደርስ በቃ በቃ፣ የሆነው ሆኗል፣ ተዪው ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ጥፋቴን አስጨርሰሽኝ አታውቂም። ብርጭቆ ሰብሬ ልናገር ስመጣ ስባሪውን ጠርገሽ ትጠብቂኝ ነበር። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ሰምተሽ፣ ተቆጥተሽም ከሆነ ተቆጥተሽ፣ ከዚያ በኋላ እንድትወስኚ ነው የምፈልገው።

እንግዲህ ልናገረው። ሁለት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ። በሰኔ መጨረሻ ደውዬ ዶሮዎቼን ፈንግል ገባባቸው፣ የላክሁትን እንቁላል ለሞቲ እንዳትሰጪው፣ ለውሻም እንዳትሰጪው፣ ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪው ያልኩሽ ውሸት ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ለዩኒፎርም ልኬት ስለሚፈለግ ሞቲን ከኦቦ ገለታ ጋር ላኪልኝ ያልኩሽ እሱም ውሸት ነው። ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም የሚያሰፋው ከምዝገባ በኋላ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ነገሩ የጀመረው ከአልጋችን ነው። ባለፈው ገና ስልክ ደውለሽ ሞቲ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፣ በመስከረም አንቺ ጋ መጥቶ አምቦ ይማር ስትዪኝ ምን እንደመለስኩልሽ ታስታውሻለሽ? እሺ ብቻ ነው ያልኩሽ። እኔ ራሴ ልጠይቅሽ ስንት ዓመት አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ሳልጥድ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፤ ዓይኔ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ነው እንድል ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን በእሱ ዓይን ማየት ሆነ ሥራዬ። ደረጃው አይረዝምበትም ወይ፣ የውሃው በርሜል ክዳን አለው ወይ፣ የት ይተኛል።

አዲስ አልጋ መግዛት እችል ነበር። ግን አንቺና እኔ የተኛንበት አልጋ ጓዳ ቆሞ እያለ አዲስ መግዛት ነውር መሰለኝ። አባባ ራሱ ያሠራው፣ የዝግባ ነው እያለ የሚመካበት፣ ዝግባነቱን ግን ከእሱ በቀር ማንም አይቶት የማያውቅ። እንዴት ይታይ? ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ይቀባዋላ። አባባ ያልተቀባ እንጨት እንዳልታጠበ ፊት ነው የሚያየው። የመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበረ አጥር ተቀብቶ የተረፈው፣ በር ተቀብቶ የተረፈው ዘይት ቀለም ሁሉ እኛ ቤት ነበር መጨረሻው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ብፌው፣ አግዳሚው፣ አልጋው፣ ሁሉም አዲስ ዓመትን በአዲስ ቀለም ይቀበላል። መንደሩም እንደዚያው ነበር፤ ልዩነቱ ሌሎቹ ቀለም መርጠው ይገዛሉ፣ እኛ መሥሪያ ቤቱ የመረጠውን እንቀባለን።

ያ ሰማያዊ ቀለም ሳይደርቅ የተኛንበት ዋዜማ ትዝ ይልሽ ይሆን? ለመዝሙር ብለሽ ሙሉ ቀን ተቀምጠሽ የተሠራሽው ሹሩባ ራስጌው ላይ ተጣብቆ አደረ። እኔ አራት ዓመቴ ነበር መሰለኝ፤ አባባ በመቀስ ሲለቅሽ አንቺ ስታለቅሺ እኔ ስስቅ አስታውሳለሁ። መዝሙር ላይ በሻሽ ሸፍነሽ ወጣሽ፣ ከሻሹ ሥር ግን ሰማያዊ ጫፍ ይታይ ነበር። እስከ ዛሬ አልማርሽኝም አይደል?

እኔም በግንቦት አንድ ቅዳሜ አልጋውን ፈትቼ ጓሮ አወጣሁትና ቀለሙን ልፍቅ ተነሳሁ። ሞቲ የእንጨቱን መልክ እያየ ይተኛ ብዬ ነው። ባለ ሱቁ ለእንጨት ይሄ ነው ብሎ ሸካራውን ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። ስለ አሮጌ ቀለም እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ። በወረቀቱ እፈትጋለሁ፣ ወፍራም የሆነበትን በቢላዋ እልጣለሁ፣ ሁሉንም በደረቁ። መጀመሪያ ቡኒ ወጣ፣ ከሥሩ ክሬም፣ ከዚያ የእኛ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ያ ጥቁር አረንጓዴ የመጋዘን በር ቀለም። እኔ እኮ ደስ ብሎኝ እዘምር ነበር። ማታ አፍንጫዬን ስናፈጥ አረንጓዴ ይወጣል፣ ራሴን ያመኛል፣ እኔ ግን የፀሐዩ ነው እላለሁ። በቃ ሥራ የበዛባት ሴት መሆኔን ለራሴ አሳመንኩ።

ዶሮዎቹ አብረውኝ ይውሉ ነበር። ቅራፊው ሲወድቅ ጥሬ የተበተነላቸው መስሏቸው ከእግሬ ሥር ይለቅማሉ። እሽ ብዬ አላባረርኳቸውም። ጓሮ ውስጥ ብቻዬን ከምሆን ጓደኛ ሆኑኝ ብዬ ነው። ማታ ብናኙን ጠርጌ ጓሮው ካለው ኮክ ዛፍ ሥር እደፋዋለሁ። ኮኩ ሥር ደግሞ ዶሮዎቹ አፈር የሚንከባለሉበት ቦታ ነው። አምስት ቅዳሜ እንዲህ ሠራሁ።

አምስቱንም ሳምንት ሐሙስ ሐሙስ በገለባ አድርጌ በወተት ቆርቆሮ እንቁላል በጊንጪ በኩል ስልክልሽ ነበር። ኦቦ ገለታ እኛ ቤት ዶሮ የሌለ ይመስል ምነው ይህን ሁሉ መንገድ እያሉ ይስቁብኝ እንደነበር ነግረሽኛል። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምን ትልኪያለሽ ብለሽኝ አታውቂም። ሞቲ ጠዋት ጠዋት የአምቦውን እንቁላል ካልሆነ አልበላም እንደሚልሽ ስትነግሪኝ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ እውል ነበር።

በሰኔ ሦስተኛው ሳምንት ጉራቲ የምላት ጥቁሯ ዶሮ ክንፏን ጣለች። እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ጥሬ ስሰጣት አትነካም። በሁለተኛው ቀን ሞተች። እኔም የዝናቡ ወራት በሽታ ነው ብዬ ቀበርኳት። ሁለተኛዋ እንደዚያው ስትሆን ግን ዳዲን ጠራሁት። ዳዲ አዲስ የመጣ ጎረቤታችን ነው፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ትሑት ልጅ። ሲደርስ እሷም ሞታ ጠበቀችው። ፈንግል መሆኑን ልይ ብሎ እዚያው ጓሮ ከፈታት። ጨጓራዋን በቢላ ሲሰነጥቀው ከጠጠሩ መሃል ቅራፊ ወጣ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። የአባባ ጳጉሜዎች በሙሉ ዶሮ ሆድ ውስጥ ተቀምጠዋል እትዬ። ዳዲ ፈንግል አይደለም አለ፣ ምን ስትፍቂ ነበር አለኝ፣ አልጋውን አሳየሁት።

የድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ይገባ ነበር አለኝ። የምንጽፍበት አይደለም፣ ብረቱ፣ ጥይት የሚሠራበት። እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ሳለ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ በደረቁ ሲፈተግ ግን ብናኝ ሆኖ ወደ ሳንባ፣ ወደ እጅ፣ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ዶሮ ከበላችው ደግሞ ለእንቁላሏ ታቀብለዋለች። ይህን ብሎ እጁን እየታጠበ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ እንቁላላቸውን ማን ነው የሚበላው አለኝ።

 ልጅ ነው አልኩትና አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፣ እኔን ነው ለካ። ዳዲ ሁኔታዬን አይቶ ውሃ አመጣልኝ፤ ልጆች ላይ አእምሮ ላይ ነው የሚበረታው፣ ትምህርት ይከብዳቸዋል፣ ግን ቶሎ ከቆመ ይሻላል፣ ደሙ ይመርመር አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የደወልኩልሽና ፈንግል ያልኩሽ። ስልኩን ይዤ እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ፈራሁ። ልጁን አልክልሽም ትዪኛለሽ ብዬ ነው የፈራሁት፣ ሌላ አይደለም። አንቺ ደግሞ አይ የኔ ምስኪን፣ ዶሮዎችሽ አለቁ ብለሽ አዘንሽልኝ። እንዲያ ስትዪኝ ይብሱን ራሴን ጠላሁት።

ግማሹ የተፋቀ አልጋ ጓሮ ቆሞ፣ ልነካውም ልጥለውም አቃተኝ። ዳዲ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚያድሱ አናጢ አሉ፣ አማክሪያቸው ብሎ ኦቦ ቀጀላ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ላከኝ። ሰውየው መጥተው ኮኩ ሥር ያለውን ባለ ቀለም አፈር ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቁጣ ወረደብኝ። ቢሮ የምትሠሪ የተማርሽ ሴት አይደለሽም ወይ፣ ይህን ስትተነፍሺ የከረምሽው ሳንባ የኪራይ ነው ወይ አሉኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሲበርድላቸው ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው እያሳዩ አስተማሩኝ።

መጀመሪያ አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል አስቆፍረው በሁለት ድርብ ማዳበሪያ አሳሰሩኝ። ልደፋው ወደ ወንዙ ስመለከት አይተውኝ ሁሉቃ ከብት ይጠጣበታል አሉና ለከተማው ቆሻሻ ጫኚዎች ምንነቱን ነግረን አስረከብን። ከአልጋው ሥር ሰፊ ላስቲክ ተነጠፈ። አሮጌ ቀለም በደረቁ አይነካም፣ እሳትም አያይም፣ ቀለም ያለበትን ፍልጥ ማንደድማ ጭሱን መጠጣት ነው አሉ። ውሃ በመርጫ እየረጩ፣ ርጥቡን በስፓቱላ ቀስ እያደረጉ እንደ ድንች ቅርፊት ማንሳት። እንቢ ያለውን ቀለም ማስለቀቂያ ቀብቶ መጠበቅ፣ እሱንም ጓንት አድርጎ ነፋሻ ቦታ። ሻሽ አፍንጫ ላይ ማሰር ራስን ማታለል ነው ብለው እውነተኛውን ማስክ አስገዙኝ። ሲያበቃ ላስቲኩን ወደ ውስጥ መጠቅለል፣ ወለሉን መጥረግ ሳይሆን በርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ ልብስን ለብቻ ማጠብ፣ ፀጉርን ታጥቦ ነው ምግብ የሚነካው። ልጅና ነፍሰ ጡር በዚያ በኩል አያልፉም። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ እናንተም ቤት የብፌውና የመስኮቱ ቀለም ከአባባ እጅ የወጣ ስለሆነ ነው። ኦቦ ገለታ ለአዲስ ዓመት አድሳለሁ ብለው ወረቀት ይዘው እንዳይነሱ፤ ካልተላጠ ይተዉት።

ሥራው ላይ ሳለን ይህን ያህል የምትለፊበት አልጋ ማን ሊተኛበት ነው ብለው ጠየቁኝ። የእህቴ ልጅ አልኳቸው። የእህቴ ልጅ ስል እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፣ ኦቦ ቀጀላ ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቆጡኝም።

አሁን የሐምሌውን ልንገርሽ። ኦቦ ገለታን አደራ እንዳትቆጪያቸው፣ ምንም አያውቁም። ዘመድ ጠይቄ እመለሳለሁ ብለው እንደሄዱ ሞቲን ይዤ ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደም ሲቀዳ አላለቀሰም። ደሜ ጥቁር ነው ወይስ ቀይ ብሎ ባለሙያዋን ጠየቃት፣ ቀይ ስትለው እንደ ጎበዝ ነገር ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። መርፌው የትምህርት ቤት ክትባት ነው ብዬዋለሁ፣ ለአንቺም እንደዚያ ሳይነግርሽ አይቀርም። ሁለት ውሸት ብዬሽ ነበር፣ ሦስት ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን መጻፍ ነው ከሁሉ የከበደኝ። ሐኪሙ ካርዱን ሲሞላ ምኑ ነሽ አለኝ፣ አክስቱ አልኩት። የእናት ስም ሲለኝ ስምሽን ከነአባትሽ ነገርኩት፣ ጻፈው። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ግን በጊዜው ነው የተወለደው፣ ስንት ኪሎ ነበር፣ ጡት ምን ያህል ጠባ እያለ ሲያከታትልብኝ ሳላስብ መለስኩለት። ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ፣ ጡት አርባ ቀን አልኩት። እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ካርዱን አየ፣ እንደገና አየኝ። ምላሴን ምነው በቆረጠው አልኩ በልቤ። ሰውየው ግን ጨዋ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ የነገርኩትን ጻፈና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ሞቲ የጎማ ጓንት ተሰጥቶት እየነፋ ነበር፣ አልሰማም። ማልልሻለሁ፣ አልሰማም። አባባና ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ የገባሁትን ቃል በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያጎደልኩት ያን አፍታ ብቻ ነው። ለእንቁላሉ ይቅር ባትዪኝም ለዚህ ይቅር በዪኝ።

ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ ነበርና ውጤቱ ባለፈው ማክሰኞ መጣ። ቁጭ ብለሽ ነው አይደል የምታነቢው? ከሚገባው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ትንሽ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት የሚያስፈልገው አይደለም፣ ምንጩ ከቆመ በራሱ ይወርዳል፣ ልጁ ደህና ነው ብሎኛል። ወተት ይጠጣ፣ ጎመንና ምስር ይብላ፣ ከምግብ በፊት እጁን ይታጠብ፣ በኅዳር ደሙ እንደገና ይታይ ነው ያለው። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ፣ ጤና ጣቢያ ላሉት አሳይተሽ ያስረዱሽ፣ በእኔ ቃል ብቻ አትመኚ። የእኔም ተለክቷል። ከእሱ በብዙ ይበልጣል። ስሰማው ደስ አለኝ፣ እብድ አትበዪኝና። የበዛው ወደ እኔ መጥቷል ብዬ ነው። እኔም ተክዤ አልተቀመጥኩም፣ ወተቱንም ጎመኑንም እበላለሁ።

የቀሩትን ዶሮዎች አስወግጃለሁ፣ ጓሮው ተጠርጓል፣ ቤቱ ከጣሪያ እስከ ወለል በርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ተወልውሏል። አልጋው ተጠናቀቀ። አባባ እውነቱን ነበር፣ ዝግባ ነው፣ የሚያምር ወርቃማ ገላ አለው። ቫርኒሽ ከተቀባ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ሽታው እንኳ ጠፍቷል። ዳዲም ኦቦ ቀጀላም አይተውት ልጅ ይተኛበታል ብለዋል። አንቺ ግን አይሆንም ካልሽ ነገውኑ አውጥቼ ሌላ እገዛለሁ፣ ስለ እንጨት አንከራከርም።

እንግዲህ ጨረስኩ። ምዝገባው እስከ ጳጉሜ ሦስት ነው። የሚመዘገበው የት እንደሆነ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፣ እናቱ አንቺ ነሽና። ልጁ ገና ሳይመጣልኝ ለአምስት ሳምንት በእጄ መርዝ ያበላሁት ሰው እኔ ነኝ፣ ይህን አውቀሽ ወስኚ። ቀርቶ ጎጆ ይማር ካልሽ አልቀየምሽም። አለቅሳለሁ፣ እሱን አልዋሽሽም፤ መቀየም ግን የለም። አንቺን መቀየም ደግሞ እኔ ከየት ልማረው? ያን ዓመት አገር ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ ያንቺ በር ብቻ ነው የተከፈተልኝ። ኮሌጄን የጨረስኩት፣ ዛሬ ሰው የተባልኩት፣ ቢሮ የተቀመጥኩት አንቺ የራሴን ሸክም ከጀርባዬ አውርደሽ አዝለሽ ስለሄድሽልኝ ነው። አዝለሽውም አልቀረሽ፣ አሳደግሽው። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ እትዬ፣ እኔ እንቁላል ነው የላክሁት፣ እሱንም እንዲህ አድርጌ።

ከላክሽው ግን አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ። ማታ ማታ እራቱን ከበላ በኋላ እደውልልሽና ስልኩን ለእሱ እሰጠዋለሁ። የዋለበትን ሁሉ ለአንቺ ይነግርሻል። እማዬ እያለ ሲያወራሽ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እሱ ይበቃኛል።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው፣ የዘራችሁት ይብቀል፣ የተወለዱት ግልገሎችሽ ይደጉ። ኦቦ ገለታን ዕድሜ ይጨምርላቸው። ሞቲን ግንባሩን በእኔ ፋንታ አንዴ ሳሚልኝ፣ ከማን እንደሆነ ግን አትንገሪው።

ሁሌም የምታከብርሽ፣
የልጅሽ አክስት